በበረኪና የታጠበው አተላ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ሰላም ጋሼ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። ግቢያችን ውስጥ 1,000 ሊትር በሚይዝ ሮቶ 60 የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት አስገባሁ። ከደቻቱ ወንዝ ጠጠር አምጥቼ ከሮቶው በላይ መደብ ሠራሁና ሰላጣና ቆስጣ ተከልኩበት፤ ውኃውን ፓምፕ ያዞረዋል። በቀን 30 ግራም ያህል መኖ እሰጣለሁ። በ12ኛው ቀን ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ማለክለክ ጀመሩ። ጠጠሩን ስነካው አተላ ይዟል። የመረዛቸው እሱ ነው ብዬ በበረኪና አጠብኩት፤ ውኃውንም ሙሉ በሙሉ ከቧንቧ ቀየርኩ። በሳምንት ውስጥ 41 ሞቱብኝ። የተረፉት 19 ናቸው። ሰላጣው ደግሞ ቢጫ እየሆነ ነው። ጓደኛዬ ‹ባክቴሪያ ጨምርበት› ይለኛል። ባክቴሪያ በሽታ አይደል እንዴ? ከየትስ ይገዛል?»

ወንድሜ፣ ስለ ዓሦቹ ፈጣሪ ይካስህ። ያጠፋኸው በስንፍና አይደለም፤ ንጽሕና መስሎህ ነው፣ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚያው ላይ ነው። ግን አተላ ያልከው ነገር ዓሦችህን አልገደለም። እንዲያውም ሊያድናቸው እየደረሰ የነበረው እሱ ነበር። ስለ ባክቴሪያ የጠየቅኸው ጥያቄና ስለ ዓሦቹ ሞት የጠየቅኸው ጥያቄ አንድ ናቸው፤ ስለዚህ አብሬ ልመልስ።

ከሞቱት ልጀምር። ዓሣ ከበላው ፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው የሚያስወጣው በዓይነ ምድሩ አይደለም። ከጉንጩ ሥር ባለው፣ በሚተነፍስበት ቀይ ላባ መሳይ አካል በኩል ነው፤ የሚያስወጣውም በአሞኒያ መልክ ነው። ስለዚህ ውኃው ጥርት ብሎ እየታየ መርዝ ሊሆን ይችላል። መኖህ 32 ከመቶ ፕሮቲን ያለው ነው ብንል፣ ከ1 ኪሎ መኖ ወደ 30 ግራም ገደማ አሞኒያ ይወጣል። አንተ በቀን ከምትሰጠው 30 ግራም ደግሞ 0.9 ግራም ገደማ ይወጣል ማለት ነው። በ1,000 ሊትር ውኃ ውስጥ ይህ በየቀኑ በሊትር 0.9 ሚሊ ግራም ይጨምራል። ችግኞችህ ገና ትናንሽ ስለነበሩ የሚወስዱት ጥቂት ነው። 12 ቀን ሲጠራቀም ወደ 10 ሚሊ ግራም ተጠጋ።

አሞኒያ ውኃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ብዙም የማይጎዳ፣ ሌላው የሚገድል። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስኑት የውኃው ፒኤች (አሲድነቱን የሚያሳየው ቁጥር፤ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) እና ሙቀቱ ናቸው። 28 ዲግሪ በሞቀ፣ ፒኤቹ 7 በሆነ ውኃ ውስጥ ከጠቅላላው አሞኒያ ገዳዩ 1 ከመቶ እንኳ አይሞላም። ያው ውኃ ፒኤቹ 8.2 ቢሆን ገዳዩ ወደ 10 ከመቶ ይደርሳል። የድሬዳዋ ውኃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ ኖራ የበዛበት ውኃ ነው፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ፒኤቹ በቀላሉ ከ8 አይወርድም። ቆሮሶ ብርቱ ዓሣ ነው፤ ግን ገዳዩ መልክ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ሆኖ ከሰነበተ መሞት ይጀምራል፣ 2 ሚሊ ግራም ሲደርስ ደግሞ በጥቂት ቀን ይረግፋል። የአንተ ሮቶ ሳይታወቅህ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መሃል ደርሶ ነበር። ውኃውን መቀየርህ በዚያች ሰዓት ደግ ሥራ ነበር። የጎዳህ ሌላው ነው፤ በረኪናውና ሳይቆይ የገባው የቧንቧ ውኃ ክሎሪን። መተንፈሻቸው አስቀድሞ የተቃጠለ ዓሦች ላይ ክሎሪን ተጨመረባቸው።

አሁን ወደ አተላው። ይህን እርሻ የሚጀምር ሰው ሁለት ነገር የሚያረባ ይመስለዋል፣ ዓሣና አትክልት። የሚያረባው ግን ሦስት ነው፤ ሦስተኛው በዓይን የማይታየው፣ ጠጠሩ ላይ እንደ ስስ ቅባት የሚለጠፈው ነው። በእጅህ ስትነካው ሙልጭልጭ ያለህ እሱ ነው። ባክቴሪያ ሁሉ በሽታ አይደለም፤ እነዚህ ሰውንም ዓሣንም አይነኩም። ሥራቸው ተከፋፍሏል። ናይትሮሶሞናስ የሚባሉትና ዘመዶቻቸው አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ። ናይትሮባክተርና በተለይ ናይትሮስፓይራ የሚባሉት ናይትራይቱን ተቀብለው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሥራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብቻቸውን የሚጨርሱ የናይትሮስፓይራ ዓይነቶች መኖራቸው ተገኝቷል። ናይትሬት ዓሣን ብዙም አይጎዳም፤ ሰላጣህ የሚፈልገው ምግብ ግን እሱ ነው። የዓሣው መርዝ የቅጠሉ ምግብ የሚሆነው በእነዚህ እጅ ካለፈ ብቻ ነው።

አንተ በግቢህ ያየኸውን ነገር ሁለት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1877 በመስታወት ቱቦ ውስጥ አይተውታል፤ ታሪኩን የምነግርህ የአንተኑ ስለሚመስል ነው። ሽሎዚንግና ሙንትስ ቱቦውን አሸዋና የተፈጨ ኖራ ድንጋይ ሞልተው የፍሳሽ ውኃ ቀስ እያሉ አሳለፉበት። 20 ቀን ያህል ምንም አልተለወጠም፤ የገባው አሞኒያ እንዳለ ወጣ። ከዚያ በኋላ ናይትሬት መታየት ጀመረ። የኬሚካል ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ቀን በጀመረ ነበር። ይህን ለማረጋገጥ ሕይወት ያለውን የሚያደነዝዘውን የክሎሮፎርም ትነት አሳለፉበት፤ ናይትሬቱ ቆመ። ጥቂት አፈር በውኃ በጥብጠው ሲጨምሩበት እንደገና ጀመረ። ክሎሮፎርሙን በበረኪና ተካውና የአንተ ታሪክ ነው። ባክቴሪያዎቹን ለይቶ ያሳደጋቸው፣ ኃይላቸውን አሞኒያ ከማቃጠል እንደሚያገኙ ያሳየው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው፤ እሱ የመጣው ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

እነዚያ 20 ቀናት ያንተን 12ኛ ቀን ያብራሩልሃል። ሆድ የሚያሳምመው ኢ. ኮላይ በተመቸው ቦታ በ20 ደቂቃ ይራባል። አሞኒያ የሚበሉት ግን በጣም ቢመቻቸው እንኳ እጥፍ ለመሆን ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን ይፈጅባቸዋል። ናይትራይት በሎቹ ደግሞ ምግባቸው የፊተኞቹ ውጤት ስለሆነ ገና ከእነሱ በኋላ ይነሣሉ። በድሬዳዋ ሙቀት ሥርዓቱ ለመቆም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። አንተ በ12ኛው ቀን የመጀመሪያዎቹ ጠጠሩን መልበስ ሲጀምሩ ደርሰህ አጠብካቸው። የሊጥ ዕቃ በበረኪና የሚያጥብ ሰው በማግሥቱ ሊጡ አልቦካ ሲለው አይገርመውም፤ እናትህ ከቡኮው ጥቂት እርሾ ሳታስቀር አትጨርስም። የጠጠርህ እርሾ ነው የጠፋው።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ «ጠጠሬ አንሶ ይሆን?» ይላሉ፤ ተጨማሪ መደብ ይገነባሉ፣ ገንዘብ ያወጣሉ። ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ባክቴሪያ የለበሰ 1 ካሬ ሜትር ገጽ በቀን ግማሽ ግራም ከፍ ያለ አሞኒያ ይለውጣል። የአንተ 0.9 ግራም 2 ካሬ ሜትር እንኳ አይፈልግም። ተራ ጠጠር በ1 ሊትር ውስጥ ጠቅላላ ገጹ ወደ 0.15 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ በደንብ የለመደ አንድ ባልዲ ጠጠር 30 ግራም መኖህን ይሸከማል። ሬድአሽ የምንለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ የዚያን ግማሽ ቢሆን ይበቃል። ያነሰህ ጊዜ ነው እንጂ ጠጠር አይደለም።

ጠጠሩን ግን አንድ ነገር እጠረጥረዋለሁ። ድሬዳዋ ሲሚንቶ የሚመረትባት ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ያሉት ተራሮች ኖራ ድንጋይ ሞልቷቸዋል፣ ደቻቱም ከላይ የሚያመጣው እሱን ነው። ከመደብህ ከተለያየ ቦታ አሥር ጠጠር አንሣና ኮምጣጤ ጠብ አድርግባቸው። አረፋ የሚያወጣው ኖራ ድንጋይ ነው። ብዙዎቹ አረፋ ካወጡ ፒኤችህ ከ8 በታች አልወርድ ያለበት ምክንያት ተገኘ፤ ሰላጣህ ቢጫ የሆነበትም እዚያው አለ። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አዙረህ እየው። ለጋው ቅጠል ጅማቶቹ አረንጓዴ ሆነው በመሃላቸው ያለው ከገረጣ የጎደለው ብረት ነው። ብረት ውኃው ውስጥ ቢኖርም ፒኤቹ ከፍ ሲል ተክሉ ሊወስደው አይችልም። የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ሙሉ በሙሉ ቢጫ ከሆኑ ግን የጎደለው ናይትሮጅን ነው፤ ያ ደግሞ ባክቴሪያው ስለሌለ ነው። ከአነጋገርህ ሁለቱም ያሉብህ ይመስለኛል።

ለብረቱ ዝገት የያዘ ሚስማር ውኃ ውስጥ መጣል አይጠቅምም። የእርሻ ግብዓት ከሚሸጥበት ሱቅ ኢዲዲኤችኤ ከተባለው ጋር የተሳሰረ ብረት ጠይቅ፤ ፒኤቹ ከፍ ባለ ውኃ ውስጥ የሚጸናው እሱ ነው። 6 ከመቶ ብረት ያለው ከሆነ 33 ግራሙ ለ1,000 ሊትርህ ይበቃል። ውኃውን ቀይ ያደርገዋል፤ አትደንግጥ። ፒኤቹን ለማውረድ ብለህ ሎሚ እንዳትጨምቅበት። የሎሚ አሲድ ባክቴሪያውን ይጎዳል። ጠጠሩን በሬድአሽ ወይም አረፋ በማያወጣ ድንጋይ ከቀየርከው ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ያወርዱታል። 1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ሲለውጡ 7 ግራም ያህል ኖራ የሚያጠፋ አሲድ ይፈጥራሉና።

ይኸው አሲድ ሐረር ላይ ተቃራኒውን ችግር ሲያመጣ አይቻለሁ። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ ለሐረር ውኃ በብዛት ከድሬዳዋ ቆላ ሽቅብ ተገፍቶ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ በክረምት የጣራ ውኃ ያጠራቅማል። አንድ ጎረቤቴ ዓሣዎቹን በዚሁ በጣራ ውኃ ጀመረ። ሁለት ወር ሁሉ ነገር አማረለት። በሦስተኛው ወር አሞኒያው ሳይታሰብ ወጣ። ሲለካ ፒኤቹ ከ6 በታች ወርዷል፤ የዝናብ ውኃ ኖራ ስለሌለው ባክቴሪያዎቹ በራሳቸው አሲድ ሥራ ፈተው ነበር። በጨርቅ ከረጢት የተቀጠቀጠ ኖራ ድንጋይ ሮቶው ውስጥ አንጠለጠልን፤ ከሳምንት በኋላ ተመለሱ። አንተ ከመደብህ እንድታወጣው የነገርኩህ ድንጋይ ለእሱ መድኃኒቱ ነበር። ስለዚህ ሰው የሚነግርህን ሁሉ ከመቀበልህ በፊት ውኃው ከየት እንደሆነ ጠይቀው።

ከኖራው ቀጥሎ የሚያሳስበኝ ኦክስጅን ነው። 1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ለመለወጥ ወደ 4.6 ግራም ኦክስጅን ይቃጠላል፤ ዓሦቹ የሚተነፍሱት ሳይቆጠር። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ፣ ውኃው ሞቃት ነው። በ30 ዲግሪ በሙሉ የጠገበ ውኃህ በሊትር 6.5 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ብቻ ይይዛል። ባክቴሪያዎቹ ከ4 በላይ ይፈልጋሉ፤ ከ2 በታች ሲሆን ሥራ ያቆማሉ። መሃሉ ላይ ያለው ትርፍ ትንሽ ነው። መብራት ሲጠፋም መጀመሪያ የሚታፈነው በውኃ የተሞላ መደብ ነው። ስለዚህ ፓምፑ ሲቆም ውኃው ከመደቡ ሙሉ በሙሉ ወደ ሮቶው የሚወርድበት ቀዳዳ ይኑርህ። ርጥብ ሆኖ አየር የሚያገኝ ጠጠር ብዙ ሰዓት ይቆያል፤ በቆመ ውኃ የተዋጠ ግን ይታፈናል። መብራት በጠፋበት ቀን መኖ አትስጥ። መደቡ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተህ ኦክስጅን የማይወዱ ሌሎች ባክቴሪያዎች ቦታውን ይዘዋል ማለት ነው፤ ያንን ውኃ ወደ ዓሦቹ አትመልሰው፣ መሬት ላይ አፍስሰው።

ሮቶህ ነጭ ከሆነ ጥላ አድርግለት፤ መደቡ ላይም ከላይ ያለው አራት ጣት ያህል ጠጠር ደረቅ ይሁን። ፀሐይ በቀጥታ ያገኛቸው እነዚህ ባክቴሪያዎች ይደክማሉ።

ከየት ይገዛል ላልከኝ፣ አትግዛ። በጠርሙስ የሚሸጡ አሉ፤ ግን አሞኒያ በሎቹ እንደ አንዳንድ ባክቴሪያ ደረቅ ዘር ሠርተው አይተኙም። ስንት ወር በመጋዘንና በሙቀት መኪና የቆየ ጠርሙስ ውስጥ በሕይወት መኖራቸውን እጠራጠራለሁ። በአፈርም በውኃም ሞልተዋል፤ ምግብና ጊዜ ካገኙ ሳትጠራቸው ይመጣሉ። ዓሦቹ ጤነኛ የሆኑለት፣ ቢያንስ ሦስት ወር የሠራ ሰው ካወቅህ ከመደቡ ሁለት እፍኝ ጠጠር ለምነው። በራሱ ውኃ እንደራሰ፣ በዚያው ቀን አምጥተህ ከጠጠርህ ጋር ቀላቅለው። ሁለት ሳምንት ያተርፍልሃል። ዓሣ ከታመመበት ቤት ግን አታምጣ።

አሁን ለ19ኙ እንዲህ አድርግ። ሦስት ቀን መኖ አትስጣቸው፤ አይሞቱም። ከዚያ በቀን 5 ግራም ብቻ፣ ሁለት ጊዜ ከፍለህ ስጥ። የአሞኒያ፣ የናይትራይትና የፒኤች መለኪያ የግድ ያስፈልግሃል፤ ከመኖ በፊት ገንዘብህን እዚያ አውጣ። አሞኒያው በሊትር 1 ሚሊ ግራም ካለፈ የውኃውን ሲሶ ቀይር፤ የምትጨምረው ውኃ ክዳን በሌለው በርሜል አንድ ሁለት ቀን የቆየ ይሁን። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ አሞኒያው ይወርድና ናይትራይት ይነሣል። ይህ ሁለተኛው አደጋ ነው። ናይትራይት የዓሣውን ደም ቡናማ ያደርገዋል፤ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ዓሣው ኦክስጅን በሞላበት ውኃ ውስጥ ይታፈናል። በዚያን ጊዜ 200 ግራም የወጥ ጨው በውኃ አሟሙተህ ጨምር። የጨው ክሎራይድ ናይትራይቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይጋፋዋል፤ ይህን ያህሉን ሰላጣም ይችለዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም፣ ተክልም ብዙ አይወስደውም።

ጠጠሩን ደግመህ አትጠብ። ዓይነ ምድርና የመኖ ትራፊ ተጠራቅሞ ውኃው ከተዘጋ፣ በወር ከመደቡ ሲሶውን ብቻ አውጥተህ ከሮቶው በቀዳህ ውኃ በባልዲ ለቅለቅ አድርገህ መልስ። ጥቁር ሆኖ የሚሸተው ደለል ይሂድ፤ ቡናማው ስስ ቅባት ይቅር። ደለሉ ላይ የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ቶሎ የሚራቡ፣ ኦክስጅን ቀማኞች ናቸው፤ ሲበዙ አሞኒያ በሎቹን ይጋፏቸዋል። ያወጣኸውን ደለል አትጣለው፣ የእናትህ ቃሪያ ሥር አፍስሰው። ዓሣ ቢታመምብህም አንቲባዮቲክ እዚያው ሮቶ ውስጥ አትጨምር፤ የታመመውን በሌላ ዕቃ ለይተህ አክም። መድኃኒቱ ወዳጅና ጠላት አይለይም።

በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ የለም ማለቴ እንዳልሆነ ግን ልብ በል። ኢ. ኮላይ ከዓሣ አይመጣም፤ ደማቸው ሞቃት ከሆኑት፣ ከዶሮ፣ ከርግብ፣ ከድመት፣ ካልታጠበ የሰው እጅ ነው። ሰላጣ ደግሞ ጥሬውን ነው የሚበላው። የዶሮ ቤቱ ከመደቡ ራቅ ይበል፤ ፍግ ሮቶ ውስጥ አትጨምር፤ ውኃው ሥሩን እንጂ ቅጠሉን አይንካ።

ሌላ ጫጩት መቼ ልጨምር ትላለህ። አሞኒያውም ናይትራይቱም ሳምንት ሙሉ ወደ ዜሮ ሲጠጉ፣ ናይትሬቱ ደግሞ ሲጨምር። እዚህ ላይ አንድ የድሬዳዋ ወጥመድ አለ። የከተማዋ የከርሰ ምድር ውኃ ናይትሬት ያለበት ስለሆነ መለኪያህ በመጀመሪያው ቀንም ቀለም ሊያሳይህ ይችላል፤ ባክቴሪያው ሥራ ጀመረ ብለህ እንዳትቸኩል። ዛሬ ማታ የቧንቧውን ውኃ ብቻውን ለካና ቁጥሩን ሮቶው ላይ በማርከር ጻፈው። ከዚያ ቁጥር በላይ የሚወጣው ነው የባክቴሪያዎችህ ሥራ።